ጆሮህ ይታየኛል፣ ፊትህ የት ሄደ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የፋርማሲ ተማሪ «ጋሼ፣ ክሎሮኪን ላብራቶሪ ውስጥ ኮሮናን ካስቆመ፣ ሰው ላይ ለምን እምቢ አለ?» ብላ ጻፈችልኝ። ደስ አለኝ። የዘንድሮ ልጆች መልሱን ከስልክ ቀድታችሁ ነው የምትመጡት፤ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ብርቅ ነው።

የወባው መድኃኒት ክሎሮኪን ሴል ውስጥ ያሉ ከረጢቶችን፣ እነ ሊሶዞምን፣ አሲዳቸውን ያዳክማል። ቫይረሱ በዚያ በኩል የሚገባ ከሆነ ይቸገራል። የተሞከረበት የጦጣ ኩላሊት ሴል ላይ መንገዱ ያ ነበር። የሰው ሳንባ ሴል ግን ሌላ በር አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ትልቅ ሙከራም የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሞት እንዳልቀነሰ አሳየ። እኔ ራሴ ግን መጋቢት 2012 ላይ ወሬውን ሰምቼ ሁለት ፓኮ ለቤቴ ደብቄያለሁ፤ ምን አፍ አለኝ?

ችግሩ፣ ያ ከረጢት የኛም ነው። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲከማችበት ስቡን መፍጨት ያቅተዋል። የልብና የአጥንት ጡንቻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ዓይን ውስጥ ደግሞ ብርሃን ከሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ከሬቲናው፣ ሥር ካለው ቀለም ጋር ይጣበቃል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ስሠራ አንዲት እናት ደንበኛ ነበሩኝ። ቁርጥማት ጣታቸውን አጣሞት ሐኪም ክሎሮኪን አዞላቸዋል። በየወሩ ያችኑ እጥፋቷ ላይ ያለቀች ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ እኔም እሰጣለሁ። ከሐርቡና ከባቲ ወባ ይዞት ለሚመጣው ሁሉ ለ3 ቀን የምሰጠው ክኒን አይደል፣ ምን ሊያደርግ? ስንት ዓመት እንደዋጡት አልጠየቅኳቸውም። ወሬያቸውን ነበር የምወደው፤ ቡና ከጠሩኝ በረካውን ሳልጠጣ አይለቁኝም።

አንድ ቀን ባንኮኒው ፊት ቆመው አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ጆሮህ ይታየኛል፣ ፊትህ የት ሄደ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሊከፍሉ ሲሉ ግን ብሩን ወደ ዓይናቸው ጥግ አስጠጉት፣ አልሆነም፣ በጣታቸው ዳሰሱት። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

የዓይን ሐኪሙ ሬቲናው መሃሉ ላይ ዙሪያውን በቀለበት ተጎድቷል፣ ተመልሶ አይድንም አለን። ዛሬ ለሃይድሮክሲክሎሮኪን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ5 ሚሊግራም አትለፉ፣ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ዓይን ይታይ ይባላል። መጠኑን ታሰላላችሁ፣ እሱን አልነግራችሁም። «መቼ ጀመሩት?» ማለትን ግን የሚረሳ አይቻለሁ፣ አንዱ እኔ ነኝ።

«በቃ ይተዉት፣ እማማ» አልኳቸው።

የተጣመሙ ጣቶቻቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ። «እነዚህንስ ምን ላድርጋቸው?»