ሊዮንን ለማየት ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ወደ ፈረንሳይዋ ሊዮን ለመሄድ ካሰባችሁ የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ። ይህችን ከተማ በጣም ስለምወዳት መልሱ ረዘም ቢል አትፍረዱብኝ።

ያለኝ አንድ ቀን ነው። ከየት ልጀምር?

ከፉርቪዬር ኮረብታ ጀምር። ከቪዩ ሊዮን ሜትሮ ጣቢያ ሽቅብ የሚወጣ ፉኒኩሌር የሚሉት ባቡር አለ። እግርህን ለቁልቁለቱ ቆጥበው። እዚያ ያለውን ባሲሊካ (ትልቁን ቤተ ክርስቲያን) አይተህ ትንሽ ዝቅ ስትል የሮማውያን ቲያትር ታገኛለህ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጀመረ ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ከዚያ በእግርህ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ማለትም ወደ ቪዩ ሊዮን ውረድ።

ትራቡል ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው?

ለእኔ ሊዮን ማለት እሱ ነው። ከአንዱ መንገድ ተነስቶ በቤቶች ሥር ውስጥ ለውስጥ አልፎ ሌላው መንገድ ላይ የሚያወጣ መተላለፊያ ነው። የአሮጌው ከተማ ዋና ዋና መንገዶች ከሶን ወንዝ ጎን ለጎን የተዘረጉ ናቸው፤ አቋራጭ ጥቂት ነው። ሰዉ ታዲያ በቤቱ ሥር መንገድ አበጀ።

«ሩ ሴን ዣን» በሚባለው መንገድ 54 ቁጥር ግቡና ሞክሩት። በሩ ከውጭ ሲታይ ተራ የመኖሪያ ቤት በር ነው። ገፋ ስታደርጉት ጠባብና ጨለም ያለ ኮሪደር ይቀበላችኋል። ጥቂት እንደሄዳችሁ ብርሃን ከላይ የሚወርድበት ግቢ ውስጥ ትገባላችሁ። ግቢ ከግቢ እያለፋችሁ «ሩ ዱ በፍ» በሚባለው መንገድ 27 ቁጥር ትወጣላችሁ። ቀና ማለት እንዳትረሱ፤ ጠመዝማዛው ደረጃና የድንጋይ ሰገነቱ ያለው ከላይ ነው።

ዝም ብሎ መግባት ይቻላል?

ለሕዝብ ክፍት የሆኑት ከብዙ ጥቂቶቹ ናቸው። ሰው ይኖርባቸዋል። ጠዋት ሂዱ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። የተዘጋ በር አታስቸግሩ።

ክሯ ሩስ ሠፈር ያሉት ቤቶች መስኮታቸው ለምን ያን ያህል ረጅም ሆነ?

ለሐር ሸማኔዎች ተብለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ስለሆኑ ነው። የዣካር የሽመና ማሽን ቁመቱ ትልቅ ነው፤ ጣሪያው ወደ 4 ሜትር ከፍ ማለት ነበረበት። ሥራው ብርሃን ይፈልጋል፤ መስኮቱም የረዘመው ለዚሁ ነው። ቤተሰቡ እዚያው ማሽኑ ካለበት ክፍል ቆጥ ላይ ይተኛ ነበር። እነዚህ ሸማኔዎች በ1831 እና በ1834 እ.ኤ.አ. በክፍያቸው ማነስ የተነሳ አምፀዋል። ኩር ዴ ቮራስ የሚባለውን ግቢ ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ ግዙፉ የድንጋይ ደረጃው ግድግዳውን ተጠግቶ ፎቅ በፎቅ ይወጣል።

አሮጌው ከተማ እንዴት ሳይፈርስ ቀረ?

ለትንሽ ተረፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤቶቹ ተጎሳቁለው ነበር፤ ከንቲባውም በመሀሉ ሰፊ መንገድ ማውጣት ፈለጉ። ነዋሪዎች እምቢ አሉ። የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ በ1962 እ.ኤ.አ. ያስወጡት ሕግም ደረሰላቸው። በ1964 ቪዩ ሊዮን በፈረንሳይ የመጀመሪያው ጥበቃ የሚደረግለት ሠፈር ሆነ። በ1998 ደግሞ የከተማዋ ታሪካዊ ክፍል በዩኔስኮ ተመዘገበ። ያን ጊዜ ያልተበገሩትን ሰዎች ሁሌም አመሰግናቸዋለሁ።

በብርሃን በዓል ልሂድ?

ከተማዋ በመብራት የምታሸበርቅበት ይህ በዓል ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 8 አካባቢ ነው። ውብ ነው፤ ግን ሕዝቡ ለጉድ ነው። ሕንፃ በጥሞና ለማየት ከሆነ ሌላ ጊዜ ምረጥ።

እናቴን ይዤ ነው የምሄደው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

አሮጌው ከተማ ሜዳ ስለሆነ ይመቻቸዋል። ድንጋይ ንጣፉ ግን ወጣ ገባ ነውና ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ። ወደ ክሯ ሩስ በሜትሮ ሲ መስመር ውጡና ከላይ ጀምሩ። ከዚያ ወደ ታች ያለው ደረጃ ብዙ ነው፤ እሳቸው አደባባዩ ላይ ካፌ አረፍ ብለው ቢጠብቁሽ ይሻላል።