«እግርሽን እያየሽ ሂጂ» ማለት ይጠቅማል?

ዝናቡ ከገባ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በብዛት ስለ መውደቅ ሆነዋል። የሚጠይቁት በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሏቸው ልጆች፣ አንዳንዴም ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው። ጥቂቱን ዛሬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። አምና ደጃፍ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። አሁን አብረን ስንሄድ «እማዬ፣ እግርሽን እያየሽ፣ ቀስ እያልሽ» እላታለሁ። እሷም እያንዳንዷን እርምጃ አስባ ነው የምትረግጠው። አረማመዷ ግን ጭራሽ ደረቀ። ምን ላድርግ? (ከጅሬን)

መልስ፦ ከፍቅር ነውና ራስሽን አትውቀሺ፣ እህቴ። ምክሩን ግን ቀይሪው።

መራመድ አብዛኛው ሳናስበው የሚሄድ ነገር ነው። ቡና የምትቀዳ ሴት ዓይኗ ሲኒው ላይ ነው፤ እጇን «አሁን ዘንበል በል» እያለች አታዝም። ልዘዝ ካለች ቡናው ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። እግርም እንደዚያው ነው። ሰው ለእያንዳንዱ እርምጃ ሲጨነቅ ሰውነቱ ይገተራል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ሐሳቡም እግሩ ላይ ስለሚያልቅ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ዘግይቶ ያየዋል።

ሪቻርድ ማስተርስ የተባሉ ተመራማሪ ይህንን ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሲያጠኑ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ወድቀው የሚያውቁ አረጋውያን ካልወደቁት ይልቅ እንቅስቃሴያቸውን አስበው የመቆጣጠር ዝንባሌ ታይቶባቸዋል። ልብ በይ፣ ይህ «ማሰቡ ጣላቸው» ማለት አይደለም። ወድቀው፣ ፈርተው፣ ከዚያ መቆጣጠር የጀመሩም አሉበት። እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ ሌላውን እየመገበ ነው የሚሄደው፤ የናትሽም ነገር ያንን ይመስላል።

እንግዲህ ስለ እግሯ ከምትነግሪያት የምትደርስበትን አሳያት። «እስከዚያ ሱቅ በረንዳ እንድረስ» በያት። ጋብሪኤሌ ቩልፍ የተባሉት ተመራማሪ ለዓመታት ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ ሰው ሐሳቡን ከአካሉ ይልቅ ውጭ ባለው ግብ ላይ ሲያደርግ እንቅስቃሴው ይቃናል። ቦይ ወይም ደረጃ ሲያጋጥማችሁ ግን ቁሙ። የት እንደምትረግጥ ትይ፣ ትወስን፣ ከዚያ ትሂድ። እየሄደች ከኋላ «ኧረ ተጠንቀቂ!» ብሎ መጮህ የባሰ ያስደነግጣታል። ክንድሽን ስጫት፤ እጇን ጎትተሽ አትምሪያት።

ጥያቄ፦ አባቴ እየሄደ ማውራት አይሆንለትም። ጥያቄ ከጠየቅኩት ቆሞ ነው የሚመልስልኝ። እርጅና ነው ብዬ ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ የስዊድን ጥናት በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ 58 ሰዎችን እያራመደ ያወራቸው ነበር። 12ቱ ለማውራት ቆሙ። ከነዚያ ውስጥ 10ሩ በቀጣዩ ስድስት ወር ወደቁ። ሳይቆሙ ካወሩትም የወደቁ ስላሉ፣ አለመቆም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ምልክቱ የሚነግርህ፣ መራመዱ ራሱ የአባትህን ሐሳብ ጠቅልሎ እንደያዘ ነው። ሰላምታ ቆሞ መመለሱማ የኛ ወግ ነው፤ እሱን አልቆጥርም። ተራ ወሬ ሲያቆመው ግን ሐኪም ይየው። እስከዚያው መንገድ ሲያቋርጥ አታውራው፣ ስልክም አትደውልለት።

ጥያቄ፦ ሂርማታ ገበያ ስሄድ ጭቃውን ፈርቼ ዓይኔን ከእግሬ አላነሳም። ባለፈው ባጃጅ ሊገጨኝ ለጥቂት ነው። (የ69 ዓመት እናት)

መልስ፦ እንኳን ተረፉ፣ እማማ። ዓይንዎ ሁለት ሦስት እርምጃ ፊት ፊት ይሂድ። ቦይ ሲሻገሩ ደግሞ እግርዎ መሬት እስኪነካ የሚረግጡበትን ቦታ ይዩት። የመውደቅ ስጋት ያለባቸው ሰዎች ላይ በተደጋጋሚ የታየው፣ እግራቸው ሳያርፍ ዓይናቸው ቶሎ ወደሚቀጥለው መሰናክል መዝለሉ ነው። ሶሉ ያለቀ ጫማ አያድርጉ። ዘንቢሉን ሌላ ሰው ይያዝልዎ፤ አንድ እጅዎ ነፃ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሌሊት ለሽንት ስነሳ ያዞረኛል። አረማመዴን ባስብበት ይሻለኛል?

መልስ፦ የርስዎ ችግር ሌላ ነው። ከተኙበት ድንገት ሲነሱ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፣ መብራት ያብሩ፣ ከዚያ ይነሱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይ የግፊትና የእንቅልፍ ካለ፣ ለሐኪም ያሳዩ። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ አያቴ ከወደቀ ወዲህ ከቤት አልወጣም አለ። ቤት ይሻለዋል?

መልስ፦ አይሻለውም። እግር ካልሠራ ይደክማል፣ ሲደክም ፍርሃቱ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ የአካል እንቅስቃሴ ልምምድ የመውደቅን ድግግሞሽ በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከጠንካራ ወንበር መነሳትና መቀመጥን ያለማምዱት፣ አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም። የጅማ በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለጀማሪ አይሆንም። ስትሮክ ወይም ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል ሕመም) ካለበት ግን ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ይምራው፤ ለእነዚህ ሕመምተኞች አንዳንዴ እርምጃን አስቦ መራመድ ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ሲወድቅ ጭንቅላቱን መትቶት ከሆነና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ደህና ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።