ካምፕ ፔንድልተን፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ካሊፎርኒያ በሚገኘው የማሪን (ከባሕር ወደ የብስ እየወጣ የሚዋጋው የአሜሪካ ጦር) ሰፈር፣ በካምፕ ፔንድልተን፣ የተንሳፋፊ ብረት ለበስ ሹፌር ነበርኩ። ስለ ቦታው የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እናንተም አላሳፈራችሁኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳንዲያጎ ስንነዳ መሃል ላይ ቤት የማይታይበት ረጅም ባሕር ዳር አለ። እሱ ነው?

መልስ፦ እሱው ነው። ዳርቻው ብቻ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ1942 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም መንግሥት ሰፊ የከብት እርባታ መሬት ገዝቶ ነው የከፈተው፤ 125,000 ኤከር (50,000 ሄክታር ያህል) ገደማ ነው። ስሙ የተወሰደው ከጄኔራል ጆሴፍ ፔንድልተን ነው። ሰውየው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ስለሞተ ሰፈሩን አላየውም።

ጥያቄ፦ ለምን እዚያ? ከባሕር ወደ የብስ መውጣትን መለማመድ በየትኛውም ባሕር ዳር አይቻልም?

መልስ፦ አሸዋማ ዳርቻ ብቻውን አይበቃም። ከባሕር የወጣ ጦር ዳርቻው ላይ አይቀመጥም፤ እየተኮሰ ወደ ውስጥ ይገፋል። እዚያ ከውኃው እንደወጣህ ሸለቆ፣ ተራራና የተኩስ ሜዳ ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ ከሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰው ሁሉ ተኩሱ ይመስለዋል። የሚከብደው ማዕበሉ የሚሰበርበት ቦታ ነው። የድሮው ባለ ሰንሰለት መኪናችን ባሕር ላይ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የሚሄደው፤ እንደ ጋሪ በለው። ከኋላ የተጫኑት ልጆች ምንም አያዩም፤ ጨለማ ነው፣ ናፍጣ ይሸታል፣ አንዱ ካስመለሰ ሁሉም ይከተላል። ዳርቻው ሲቃረብ አፍንጫዋን ቀጥ አድርገህ መያዝ አለብህ። ትንሽ ከዞረችብህ ማዕበሉ ጎኗን ያገኛል። በ2022 አዲሶቹ ባለ 8 ጎማዎች እንኳ እዚያው ፔንድልተን ማዕበል ውስጥ ተቸግረው፣ አንዷ በጎኗ ተገልብጣለች። ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ጥያቄ፦ የሰጠመችው ብረት ለበስስ? ብዙ ልጆች አልቀዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ጁላይ 30 ቀን 2020 ነው፣ ሳን ክሌመንቴ ደሴት አጠገብ። ወደ መርከቧ ስትመለስ ውኃ ገባባት። 16 ሰው ነበረባት፤ 8 ማሪኖችና 1 የባሕር ኃይል ባልደረባ ሞቱ። ምርመራው መኪናዋ በደንብ እንዳልተጠገነች፣ ልጆቹም ከሰጠመ መኪና መውጣትን በሚገባ እንዳልሠለጠኑ አረጋግጧል። እኔ ያን ጊዜ ከሠራዊቱ ወጥቼ ነበር። ውኃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ «ውጡ» የማለት ሥርዓት አለ፤ እነሱ ዘንድ ትእዛዙ ዘገየ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ማሪኖች ታንክ በነበራቸው ጊዜ ወደ ዳርቻው በምን ያወርዱት ነበር?

መልስ፦ በአየር ትራስ ላይ በሚንሳፈፍ ጀልባ። 60 ቶን ተሸክሞ ከ40 ኖት (በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ይሮጣል፤ ውኃውንም አሸዋውንም አይለይም። ጩኸቱ ግን አይጣል ነው!

ጥያቄ፦ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ በኮሪያ በኩል አለ። በ1950 ኢንቾን ላይ ከባሕር የወጣው የ1ኛው ማሪን ክፍለ ጦር መነሻው ፔንድልተን ነበር። ተከትሎት የወረደው 7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ነው፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃ በ1951 ሲደርስ የተመደበው ከዚሁ ክፍለ ጦር ጋር ነው። አባቶቻችን ኢንቾን ላይ አልነበሩም፤ ጎን ለጎን የተዋጉት ግን ኢንቾን ከወረዱት ጋር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፤ ማሪን መግባት እፈልጋለሁ። ዋና ግን አልችልም።

መልስ፦ እህቴ፣ በግሪን ካርድ ይገባል፤ ዜግነት የሚጠይቁ አንዳንድ ሙያዎች ብቻ ይዘጉብሻል። ለሥልጠና ሳንዲያጎ ከተመደብሽ የመጨረሻውን የ54 ሰዓት ፈተና የምትወጪው ፔንድልተን ተራሮች ላይ ነው። ዋናውን ያስተምሩሻል፤ ሳያልፉ መመረቅ የለም። እኔ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አድጌ ዋና የቻልኩት እዚያ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ አታምንም።