ክሊኒካል ሳይጀመር ጠይቁ

አሜሪካ ነርሲንግ ለምትማሩ ልጆቻችን፣

ለረጅም ጊዜ በነርስነት ሠርቻለሁ። አሁን ተማሪዎችን ለክሊኒካል፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ ሆስፒታል ይዤ እየገባሁ አሠለጥናለሁ። ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር)፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብ ችግር) ወይም የመስማት ችግር እያለባቸው ትንፍሽ ሳይሉ የሚማሩ የሐበሻ ልጆች አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ቤተሰብም «ዝም በይ፣ ፋይልሽ ላይ እንዳይጻፍ» ይላል። እኔ ግን ለችግራችሁ የሚስማማ ማስተካከያ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ እላለሁ፤ ያውም በጊዜ።

ሃይስኩል እያላችሁ ችግራችሁን ለይቶ አይኢፒ (ለእናንተ ተብሎ የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ) የሚያወጣላችሁ ትምህርት ቤቱ ነበር። ኮሌጅ ላይ ይሄ ይቀራል። እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ (Rehabilitation Act) አንቀጽ 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ (ኤዲኤ) መብቱን ሰጥተዋችኋል፤ የኮሌጁን የዲሴብሊቲ (የአካል ጉዳተኞች) ቢሮ በር የምታንኳኩት ግን ራሳችሁ ናችሁ። ማስረጃችሁን ታቀርባላችሁ፣ ቢሮው ለአስተማሪዎቻችሁ ደብዳቤ ይጽፋል። አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው የተፈቀደላችሁ ነገር እንጂ የሕመሙ ስም አይደለም። ፈተና ከወደቃችሁ በኋላ ብታመጡት ግን ያለፈውን ውጤት አያስተካክልም።

ብዙ ልጅ የሚቸገረው ክሊኒካል ላይ ነው። ለክፍል ፈተና የተሰጣችሁ ተጨማሪ ሰዓት እዚያ አይረዳም፤ ትንፋሽ ያጠረው ሕመምተኛ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ለክሊኒካል የሚያስፈልጋችሁን ለብቻው ተነጋገሩበት። የመስማት ችግር ያለባት አንዲት ተማሪዬ ቀደም ብላ ቢሮውን አነጋግራ፣ ድምፅ የሚያጎላ ስቴቶስኮፕ ይዛ መጣች። የአንድ አዛውንት ጀርባ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ግራ ሳንባቸው ከታች በኩል ይንኮሻኮሻል» አለችኝ። እኔም በራሴ አዳመጥኩ፤ ልክ ነበረች። ወዲያው ለነርሳቸው ነገርን፣ ሐኪም ተጠራ።

መሣሪያው ሥራውን አላቀለለላትም። ሳንባ ማዳመጥ እንደማንኛውም ተማሪ ይጠበቅባት ነበር፤ አዳመጠች። ሕጉም እንዲሁ ነው። ኮሌጁ የሙያውን ዋና መስፈርት ዝቅ እንዲያደርግ አይገደድም፤ መስፈርቱን የምታሟሉበት መንገድ ግን ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ «እንዳይከብደኝ» አትበሉ፤ «ይሄን ሥራ በትክክል ለመሥራት ይሄ ያስፈልገኛል» በሉ። ዲስሌክሲያ ላለበት ልጅ ሃይድሮክሲዚን እና ሃይድራላዚን መደርደሪያ ላይ አንድ ሊመስሉት ይችላሉ። አንዱ የማሳከክ መድኃኒት ነው፣ ሌላው የደም ግፊት። መድኃኒት የሚያዘጋጅበት ጸጥ ያለ ቦታ መጠየቁ ለሕመምተኛው ደኅንነት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ለፈቃድ ፈተናው ለኤንክሌክስም እንደ አዲስ መጠየቅ አለባችሁ። የኮሌጁ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ጥያቄው የሚቀርበው ለስቴታችሁ የነርሲንግ ቦርድ ስለሆነ ከምርቃት በፊት ቅጹን አግኙ። የተፈቀደላችሁ ነገር መጽደቁን ሳታረጋግጡ የፈተና ቀን አትያዙ።