አያቴ የተዉት ባሩድ ለምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አዳማ ነው። አያቴ ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት የጓሮውን ዕቃ ቤት ስናጸዳ ከአሮጌ ኮርቻ ሥር አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አገኘን። ውስጡ ባሩድ ነው፣ ኪሎ ገደማ ይሆናል። አጠገቡ በጨርቅ የተቋጠረ ባዶ ቀለሃ አለ። ጣሳው የፈረንጅ ጽሑፍ አለው፣ ግን ግማሹ ተልጧል። ስከፍተው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ወጣ፣ ክዳኑም ከውስጥ ዝጓል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ጥይቱን ራሱ እየሞላ ኢላማ የሚተኩስ ሰው ነው። በስልክ ሳማክረው «እኔም ጋ ከገበያ የወጣ የድሮ ባሩድ አለ፣ እየተጠቀምኩበት ነው፣ ባሩድ አይበላሽም» አለኝ። አጎቴ ደግሞ ወንጂ አካባቢ ላለችው የሽንኩርት ማሳው ማዳበሪያ ሊያደርገው ቋምጧል። እናቴ ጣሳውን ለበርበሬ ፈልጋዋለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዛሬ ሦስቱንም ተዋቸው። ጣሳውን ደግመህ አትክፈተው። ያ የሰነፈጠህ ሽታ ነገሩን ጨርሶታል።

ባሩድ የምንለው አንድ ነገር አይደለም። የጥንቱ ጥቁር ባሩድ ከሰል፣ ድኝና ጨው መሳይ ናይትሬት ተደባልቆ የሚሠራ ነው፤ እርጥበት ካልነካው መቶ ዓመትም ይቆያል። ጭስ አልባው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የሚሠራው ጥጥን ወይም የእንጨት ጭረትን በአሲድ አብስሎ ነው፣ እና ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ቀስ እያለ ይፈርሳል። ሲፈርስ አሲድነት ያለው ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል፣ ሙቀትም ይፈጥራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ፋብሪካዎች ይህን ጋዝ የሚይዝ ማረጋጊያ ይጨምሩበታል፣ ግን ማረጋጊያውም ያልቃል። ደህና ጭስ አልባ ባሩድ አልኮል አልኮል ይላል። የአንተ ሰንፍጧል፣ ጣሳውን አዝጓል። ይሄ ያለቀለት ነው። እዚያ ላይ የአዳማን ፀሐይና የቆርቆሮ ጣሪያ ጨምርበት፤ ለባሩድ ከሙቀት የከፋ ጠላት የለም።

ማጋነን እንዳይመስልህ። ፈረንሳዮች ለጦር ጠመንጃ የሚሆን ጭስ አልባ ባሩድን እ.ኤ.አ. በ1884 የሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ቀዳሚዎቹ። እነሱው ራሳቸው በ1907 ኢዬና፣ በ1911 ደግሞ ሊበርቴ የተባሉ የጦር መርከቦቻቸው ቱሎን ወደብ ላይ እንደቆሙ ፈነዱባቸው። ጠላት አልነካቸውም። ጥፋቱ የተጣለው መጋዘን ውስጥ በተበላሸው ባሩድ ላይ ነው። በሁለቱ አደጋ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

ወደ አክስትህ ልጅ እንምጣ። እሱ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ግን የሱ ነገርና ያንተ ነገር አይገናኝም። እዚያ አገር ጥይት በቤት መሙላት የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፣ ባሩድ አምራቹም ለየጠመንጃው ስንት እንደሚሞላ በመጽሐፍ ያወጣል። ባሩዱ መመረቱ ቀርቶ ከገበያ ሲወጣ ግን ከአዲሱ መጽሐፍም ይወጣል። ያኔ ሁነኛ ሰው የሚያደርገው፣ ጣሳው እስከዚያ ያልተከፈተ፣ ቀዝቃዛ ቦታ የቆየና ሲከፍተው ሽታው ደህና ከሆነ፣ ያ ባሩድ ይሸጥ በነበረበት ዘመን አምራቹ ራሱ ያወጣውን መጽሐፍ ፈልጎ ከዝቅተኛው መጠን መጀመር ነው። የስም መመሳሰል አያጽናናውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ20 ሚሊ ሜትር መድፍ ጥይት እየተራገፈ በርካሽ የተሸጠ 4831 የሚባል ባሩድ ነበር። ዛሬ በዚያው ቁጥር የሚጠሩ ሁለት ባሩዶች አሉ፣ አንደኛው ከሌላው ፈጥኖ ይነዳል፣ የቀርፋፋውን መጠን ለፈጣኑ መውሰድ ጠመንጃ ሊያስፈነዳ ይችላል። ቁጥሩ አንድ፣ ነገሩ ሁለት! እና ጽሑፉ የተላጠ፣ ማን መቼ ምን እንደጨመረበት የማይታወቅ ጣሳማ ለእነሱም ቢሆን ጥይት ውስጥ አይገባም። ፍሬውን አይቶ፣ «ይሄ እንትንን ይመስላል» ብሎ መለየት አይቻልም። እባክህ ይሄን ንገረው፣ የሱንም ጣሳ ያሽትተው።

እዚህ አገር ደግሞ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው፣ ስለዚህ ሙላ አትሙላ የሚለው ክርክር ራሱ የለም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ውጅግራ አይቻለሁ። ውጅግራ «ግራ» (Gras) የተባለው የፈረንሳይ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ጠመንጃ ነው፣ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ብታጎርሰው ግፊቱን አይችለውም። የሚፈነዳው ደግሞ ጉንጭህ አጠገብ ነው።

አጎትህን በተመለከተ፣ ሐሳባቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። አሜሪካኖች ትርፍ ጭስ አልባ ባሩድ ሣር ላይ ስስ አድርገው ይበትናሉ፣ ናይትሮጅን አለዋ። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ናይትሮጅኑ 13 በመቶ ገደማ ነው፣ የዩሪያ 46 በመቶ ነው። ኪሎው ሙሉ 300 ግራም ገደማ ዩሪያ ቢሆን ነው። ለሦስት መቶ ግራም ዩሪያ ተብሎ የሰነፈጠ ባሩድ በባጃጅ ወንጂ ድረስ?

አሁን የምታደርገው። ጣሳውን በእጅህ ጀርባ ጠጋ ብለህ ሞክረው፣ ሙቀት ካለው አትንካው፣ ቤተሰቡን አርቅና ፖሊስ ጥራ። ካልሞቀ ሳታንገጫግጭ ከቤት አውጥተህ ጥላ ሥር አስቀምጠው፤ ከምድጃ፣ ከሲጋራና ከልጆች ይራቅ። ክዳኑን አጥብቀህ አትግጠም፣ ወደ ጠርሙስም አትገልብጠው፤ ባሩድ ሲታፈን ነው ቦምብ የሚሆነው። ሽንት ቤት አይጨመር፣ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠል። ከዚያ ባዶ እጅህን ወደ ቀበሌህ ፖሊስ ሂድና ከአያቴ ዕቃ መሀል ይሄ ተገኘ በል፣ መጥተው ይውሰዱት። ራስህ ይዘህ አትሂድ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ምክንያት መንገድ ላይ ፍተሻ ቢያጋጥምህ ታሪኩን ማስረዳቱ ጣጣ ነው፣ መንገጫገጩም አለ። ቀለሃዎቹንም አብረህ አሳያቸው። ቂጣቸው ላይ ያልተመታ ማቀጣጠያ የቀረባቸው ካሉ እነሱም ብቻቸውን ጣት ይወስዳሉ።

ለእናትህ አዲስ ጣሳ ግዛላቸው። ያኛው የቱንም ያህል ቢታጠብ በርበሬ አይገባበትም።