ጡት ማስያዣዬ ትከሻዬን ይቆርጠኛል፣ ቁጥሬ ስንት ነው?

ከአዲስ አበባ የጻፈችልኝ እህት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ትንሹን ጡት ካስጣለችው ዓመት አልፎታል። ከድሮ ጀምሮ የምትለብሰው 40ቢ ነው። ማታ ስታወልቀው ትከሻዋ ላይ ቀይ ሰንበር ይቀራል፣ ሽቦው ብብቷን ይወጋታል፣ በጀርባ ያለው ክፍል ወደ ላይ ይሳባል፤ ዕቃ ለማውረድ እጇን ከፍ ስታደርግ ደግሞ ጡቷ ከስር ሾልኮ ይወጣል። «ጠቦኝ ነው ብዬ 42ቢ ገዛሁ፣ ጭራሽ ባሰብኝ» ትላለች። በሜትር ለክታ ልካልኛለች፦ ከጡቷ ስር 81፣ ጡቷ ላይ 100 ሳንቲሜትር። አሜሪካ ያለች እህቷ ልትልክላት ቁጥሯን ጠይቃታለች። በእጇ ያሉትን ሁለቱን ምን ታድርጋቸው?

እህቴ፣ ለክተሽ መላክሽ ሥራዬን አቀለለልኝ። ባንቺ ልክ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ቁጥር 80ዲ ነው፤ በኢንች በተጻፈው ደግሞ 36ዲ። 40 የለበሰች ሴት 36 ስትባል «እንዴት ይገባኛል?» እንደምትል አውቃለሁ፤ ሱቄ የምትመጣው ሁሉ የምትለኝ ይህንኑ ነው። «ዲ» የሚለው ፊደልም ያስደነግጣል፣ በጣም ትልቅ ጡት ላላት ሴት ብቻ የተሠራ ይመስላል። ስለዚህ ቁጥሩ ምን እንደሆነ፣ ፊደሉም ምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ቁጥሩ በጀርባሽ ዞሮ የሚቆለፈው የመታጠቂያው ልክ ነው። ሳጥን ላይ ወይም ጨርቁ ላይ 36/80፣ 38/85፣ 40/90 ተብሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ሁለተኛው ቁጥር ከጡትሽ ስር ያለውን የጎድንሽን ዙሪያ በሳንቲሜትር ይነግርሻል፤ 80 የሚለው ከ78 እስከ 82 ላላት ሴት የተሠራ ነው። ፊደሉ ደግሞ ጡትሽ ከጎድንሽ ምን ያህል ወጣ ብሎ እንደሚቆም የሚናገር ነው፤ በአውሮፓው አቆጣጠር በየ2 ሳንቲሜትሩ አንድ ፊደል ይጨምራል። ልዩነቱ ከ12 እስከ 14 ከሆነ ኤ፣ እስከ 16 ቢ፣ እስከ 18 ሲ፣ እስከ 20 ዲ። ያንቺ 100 ሲቀነስ 81፣ 19 ነው፤ ዲ። እንግዲህ ዲ ብቻውን ትልቅ ማለትም ትንሽ ማለትም አይደለም። 65ዲ የምትለብስ ቀጭን ልጅ ጡቷ በእጅ መዳፍ ይሸፈናል።

አሁን ዋናው ነገር። 90ቢ፣ 85ሲ እና 80ዲ የሚባሉት ሦስቱ ካፓቸው፣ ማለትም ጡቱ የሚገባበት ክፍል፣ የሚይዘው መጠን አንድ ነው፤ የሚለያዩት በመታጠቂያው ርዝመት ነው። ስለዚህ ያንቺ 40ቢ ካፑ ልክሽ ነበር ማለት ይቻላል። የተበላሸው መታጠቂያው ነው፤ ወደ 10 ሳንቲሜትር ሰፍቶሻል። የላላ መታጠቂያ ጎድንሽን አይዝም፣ ስለዚህ ክብደቱ ሁሉ ማንገቻው ላይ ይወድቃል፤ ማንገቻው ትከሻሽን ይቆርጣል፣ ከኋላም ጨርቁን ወደ ላይ ይስበዋል። ኋላው ሲነሳ ፊቱ ይዘቀዝቃል፣ ሽቦውም ከቦታው ተነስቶ ብብትሽን ይወጋል፣ ከስርም ክፍተት ይፈጠራል። የነገርሽኝ አራቱም ችግር ከዚህ ከአንዱ የመጣ ነው። ልጅ አዝለሽ ታውቂያለሽ፤ ማዘያውን ከስር ጠበቅ አድርገሽ ካላሰርሽው ልጁ ይንሸራተታል፣ ትከሻሽም ሲጎተት ይውላል። ይህም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ በሻጮቻችን አዝናለሁ። መርካቶም ሆነ ሰፈር ሱቅ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው ቢ ነው፤ ፊደል አማራጭ የለም። ሻጩ ደረትሽን በዓይኑ ይለካና፣ ካፑ እንዲበቃሽ ሲል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። 36ቢ ካፑ ካነሰሽ 38ቢ፣ እሱም ካነሰሽ 40ቢ ይሰጥሻል። ካፑ ደረሰ፣ መታጠቂያው ግን ሄደ። አንቺም 40ው ሲቆርጥሽ «ጠበበኝ» ብለሽ 42 ወሰድሽ፤ መታጠቂያው የባሰ ላላ፣ ካፑም በአንድ ደረጃ ሰፋ።

ከማመንሽ በፊት አሁኑኑ የለበስሽው ላይ ሞክሪው። ሁለቱንም ማንገቻ ከትከሻሽ ላይ አውርጂና ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ልክ የሆነ ጡት ማስያዣ ያለ ማንገቻ ትንሽ ዝቅ ቢል እንጂ ባለበት ይቆማል። ያንቺ ወደ ሆድሽ እንደሚወርድ እርግጠኛ ነኝ። ሌላም አለ፦ ማስያዣውን ገልብጠሽ ካፑን ወደ ጀርባሽ፣ መንጠቆውን ወደ ፊት አድርገሽ ቆልፊው። ጡትሽ ሳይገባበት መታጠቂያው ብቻውን ምን ያህል እንደሚይዝ ታያለሽ። እንዲህ ሲለበስ ደህና የሆነ፣ በትክክል ሲለበስ ግን የሚያስጨንቅ ከሆነ የጠበበው ካፑ ነው፤ መታጠቂያውን አትውቀሺ።

ልኬቱን አንዴ ድገሚው፣ ምክንያቱም ጡት ማስያዣ ሳያደርጉ ቀጥ ብለው ሲለኩ ልጅ ጠብቶት ለስላሳ የሆነ ጡት አንሶ ይለካል። ከስር ስትለኪ አየሩን አስወጪና ሜትሩን ጠበቅ አድርጊው፤ ከፊትም ከኋላም እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ጡቱን ስትለኪ ግን ከወገብሽ ጎንበስ በዪ፤ ሜትሩ ይነካካ እንጂ አይጫን። የወር አበባሽ ሊመጣ ባለበት ሳምንት አትለኪ፤ ያን ጊዜ ጡት ያብጣል። ጎንበስ ብለሽ ለክተሽ 102 ከመጣ ልዩነቱ 21 ይሆናል፤ 80ኢ ነው ማለት ነው፤ ሁለቱንም መሞከር ነው። ከሜትሩ የምናገኘው መነሻውን ብቻ ነው።

ስትሞክሪ መንጠቆውን መጨረሻ ላይ ባለው በጣም በሚላላው የቀለበት ረድፍ ቆልፊ። ላስቲክ እየዋለ ሲያድር ይለጠጣል፤ ያን ጊዜ ወደ መሃለኛው፣ ከዚያ ወደ ውስጠኛው ረድፍ ትገቢያለሽ። አዲሱን በውስጠኛው ረድፍ ካልቆለፍሽው የማይዝ ከሆነ አትግዢው። ከዚያ ጎንበስ በዪና በቀኝ እጅሽ የግራውን ጡት ከብብትሽ ስር ጀምረሽ ወደ ፊት ሰብስበሽ ካፑ ውስጥ አስገቢው፤ ሌላውንም እንዲሁ። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም። «የብብት ስጋ» እያልን የምንማረርበት እኮ አንዳንዴ በጠባብ ሽቦ ተገፍቶ የሄደ ጡት ነው። ቀና ስትዪ ሽቦው ጡትሽ ከጎድንሽ ጋር የሚገናኝበት እጥፋት ላይ መቀመጥ አለበት፣ በጎን ያለው ጫፉ ወደ ብብትሽ መሃል ያመለክታል፤ የትም ቦታ ጡት ላይ አይወጣም። በሁለቱ ካፖች መካከል ያለው ቁራጭ ደረት አጥንትሽ ላይ ይለጠፋል፤ ከተነሳ ካፑ አንሷል። ከመታጠቂያው ስር ሁለት ጣት ጠበቅ ብሎት ይግባ። መታጠቂያው በጀርባሽ ከፊቱ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ማንገቻውን መጨረሻ ላይ አስተካክዪው፤ ችግር ሲኖር መጀመሪያ እጃችን የሚሄደው እሱ ላይ ነውና ያለ ልኩ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ተቀመጪ፣ ጎንበስ በዪ።

ካፑ ላይኛው ጫፍ ላይ ባዶ ቢሆንብሽ ቶሎ «ሰፋኝ» አትበዪ። ካጠቡ በኋላ ጡት ከላይ ይጎድላል፣ ከታች ይሞላል። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ካፕ ደግሞ የራሱን ቅርጽ ይዞ የሚቆም ስለሆነ ከላይ ክፍት ይቀራል። ላንቺ የምመርጠው ስፖንጅ የሌለው፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ የተሰፋ፣ ላይኛው ቁራጭ የሚለጠጥ ዳንቴል የሆነውን ነው። ስፌቱ በስስ ልብስ ይታይ ይሆናል፣ ጡቱን ግን ከስር አንስቶ ይይዘዋል።

ለእህትሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦ 36ዲ አንድ፣ 34 ድርብ ዲ አንድ። ሁለተኛው ካፑ እኩል ሆኖ መታጠቂያው ጠበቅ ያለ ነው፤ ላስቲኩ ለስላሳ የሆነ ዕቃ ላይ እሱ ሊሻልሽ ይችላል። አገር ቤት ደርሶ ካልሆነሽ መመለሻ የለምና ሳትለኪው ስድስት እንዳትገዛ። ፊደሎቹ በየአገሩ እንደሚለያዩም ትወቅ፦ አሜሪካኖች ከዲ ቀጥለው ድርብ ዲ፣ ሦስት ዲ ይላሉ፤ አውሮፓ ከዲ ቀጥሎ ኢ፣ ኤፍ ነው። የፈረንሳይ ቁጥር ከሌላው አውሮፓ በ15 ይበልጣል፤ እዚያ 95ዲ የተባለው ያንቺው 80ዲ ነው። ይህ ካልታወቀ ከፓሪስ የመጣው «95» ሰፊ ይመስልሻል።

ከአገር ውስጥ የምትፈልጊ ከሆነ ፊደል የተለያየበት ዕቃ የሚገኘው ሳልባጅ ውስጥ ነው። ግን ላስቲኩን ፈትሺ። ክንፉን፣ ማለትም ከካፑ ወደ ጀርባ የሚዞረውን የመታጠቂያውን ክፍል፣ በሁለት እጅሽ ሳብ አድርገሽ ልቀቂው፤ ወዲያው ከተመለሰ በሕይወት አለ። ቀስ እያለ ከተመለሰ፣ ወይም ከጨርቁ ውስጥ ነጫጭ ቀጫጭን ጎማ ብቅ ብቅ ካለ ሞቷል፤ ርካሽነቱ አያታልልሽ።

ሽቦ ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ እኔም ጋ ይመጣል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሲያትል የሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል ባሳተመው ጥናት የወር አበባ ያቋረጡ ሴቶች ላይ ተጠንቶ፣ ሽቦ ያለውንም ሆነ ረጅም ሰዓት መልበስን ከጡት ካንሰር ጋር የሚያገናኝ ነገር አልተገኘም። ነገር ግን ሕመሙ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነና ማስያዣውን ቀይረሽም ካልለቀቀሽ፣ ወይም እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ፈሳሽ ካየሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እሱ የኔ ሥራ አይደለም።

አጠባበቁ ቀላል ነው። ለብ ባለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ በእጅ፣ መንጠቆውን ቆልፈሽ። በረኪና ላስቲክ ይበላል፤ ነጩን ነጭ ለማድረግ ብለሽ መታጠቂያውን ትገድዪዋለሽ። አትጠምዝዢው፣ በፎጣ ጫን ጫን አድርጊውና ጥላ ውስጥ አስጪው። ሰቅለሽ ከሆነ በመሃሉ እንጂ በማንገቻው አይሁን፣ ውሃው እየከበደ ይለጥጠዋል። አንዱን ተከታትለሽ ሁለት ቀን አትልበሺው።

አሁን ወደ ሁለቱ ማስያዣዎችሽ። 40ቢው ላስቲኩ ካልሞተ አዲሱ እስኪደርስ ይድናል። ማጠር ያለበት ከመታጠቂያው ነው፤ ከየጎኑ 3 ሳንቲሜትር፣ በድምሩ 6። ከዚያ በላይ ከተቆረጠ የጀርባው ማንገቻዎች እርስ በርስ ተጠጋግተው አንገትሽ ስር ይመጣሉ፣ ሽቦውም ወደ ጎን ይከፈታል። የቀረውን ወደ ውስጠኛው ረድፍ በመግባት ታገኚዋለሽ፤ ከውጪኛው ረድፍ እስከ ውስጠኛው ወደ 4 ሳንቲሜትር ገደማ አለ።

ከመቁረጥሽ በፊት በመርፌ ቁልፍ አጥፈሽ ያዢውና ለብሰሽ ግማሽ ቀን ዋዪበት። ደህና ከሆነ መንጠቆ ያለበትን ቁራጭና ቀለበት ያለበትን ቁራጭ ስፌታቸውን ፍቺ፤ ጨርቁን እንዳትቀጂ በምላጭ ሳይሆን በትንሽ መቀስ ክሩን አንድ በአንድ። ክንፉን ከሁለቱም በኩል እኩል ቁረጪ። የተቆረጠው ጫፍ ከመንጠቆው ቁራጭ ይልቅ ሰፊ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ክንፉ ወደ ካፑ እየሰፋ ስለሚሄድ ነው፤ ከላይና ከታች ያለውን ላስቲክ ትንሽ ፈትተሽ ጨርቁን አጥብበሽ፣ ላስቲኩን መልሰሽ ስፊበት። ከዚያ ጫፉን የመንጠቆው ቁራጭ ውስጥ አስገብተሽ በዚግዛግ ሁለት ጊዜ ተመላለሺበት። ቀጥ ያለ ስፌት እንዳታደርጊ፣ ሲለጠጥ ይበጠሳል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ መርፌው ለሚለጠጥ ጨርቅ የሚሆነው ጫፈ ድቡልቡል። ዚግዛግ ማሽን ከሌለሽ የሰፈርሽ ሰፊ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ብቻ «ማንገቻውን አሳጥርልኝ» ሳይሆን «ከኋላ መታጠቂያውን ከየጎኑ 3 ሳንቲሜትር ቀንስልኝ» በዪው፣ ካላልሽው ማንገቻውን አሳጥሮ ይሰጥሻል።

42ቢው ላይ ግን ገንዘብ አታውጪ። መታጠቂያው ብቻ ሳይሆን ካፑም ሽቦውም ካንቺ ይበልጣል፤ መታጠቂያው ቢቆረጥ ሽቦው ብብትሽ ውስጥ ይገባል። ከ88 እስከ 92 የምትለካ፣ ልዩነቷ 16 ወይም 17 የሆነ ዘመድ ካለችሽ፣ በውስጠኛው ረድፍ ቆልፋ ትሞክረው።