ጉቶውንም እዩት

ልጆች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ታቅፋችሁ ስትወጡ ደስ ይለኛል። ፎቶ መነሳታችሁንም አልነቅፍም፤ እኛም ካሜራ አጥተን እንጂ እንነሳ ነበር። ግን በደን ሙያ ያረጀ ሰው ምክር ከሰማችሁ፣ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ቦታውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከመሬት እኩል የተቆረጠ ጉቶ አለ? ጎኑ ላይ ለምለም ቀንበጥ ብቅ ብሎ ከብት የቀረጠፈው? ካለ፣ እዚያ ደን አለ ማለት ነው። እንዲያድግ የሚተወው ሰው ነው የጠፋው።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ተራራው ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፎ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,700 ሄክታር ገደማ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ። ችግኝ የተተከለው በጥቂቱ ቦታ ነው፤ አብዛኛው ከጉቶ የተነሳ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ሁሉም ካደጉ ተሻምተው ቁጥቋጦ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ትተዋላችሁ፣ ሌላውን ትቆርጣላችሁ። የተቆረጠው ማገዶ ይሆናል። ከቀሩት ላይ የታችኛውን ቅርንጫፍ መመልመል ነው። ሥሩ ከድሮም መሬት ውስጥ ስላለ፣ ገና ከላስቲክ የወጣ ችግኝ በበጋ ሲጠወልግ እሱ ሽቅብ ይመዘዛል።

ባለቤት ከሌለው ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በእኛ ጊዜ ደን የሚጠበቀው በዘበኛ ነበር። ዘበኛው ቀን ያባርራል፣ ማታ እንጨቱ ይወርዳል። ሁምቦ ላይ ገበሬዎቹ በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው የመጠቀም መብታቸው በወረቀት ተረጋገጠ። ሣሩን አጭደው ይወስዳሉ፣ ጥበቃውም የራሳቸው ነው፤ ዛፉ ከአየር ስቦ የሚያስቀረው ካርቦን ተለክቶ ስለሚሸጥ፣ ከካርቦን ሽያጭም ገንዘብ ደረሳቸው። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብንና የማኅበራትን ደን በሕግ አውቋል። አንብቡት። የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንቀጽ ጠቅሶ የሚናገር ወጣት ይሰማል።

ባሕር ዛፍን መራገም ደግሞ ፋሽን ሆኗል። እኔ አልራገምም። የስንት ቤት ግድግዳና የስንት ልጅ ደብተር ከእሱ ነው የወጣው! ከምንጭና ከእርሻ ይራቅ እንጂ ይተከል። ማገዶው ከእሱ ሲገኝ ጥዱና ወይራው ፋታ ያገኛሉ።

ችግኝ መትከል ግድ ሲሆንም ላስቲኩን አውልቁ። ከነላስቲኩ የተቀበረ ስንት አይቻለሁ፤ ሥሩ እዚያው ዞሮ ዞሮ ራሱን ያንቃል። ቦታውን ከመንደሩ ሰው ጋር ምረጡ፣ በጋ ላይ ከብቱ የት እንደሚውል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቀጣዩን ጉዞ ለየካቲት ያዙት፣ ፀሐዩ ሲከር። የሞተውን ቁጠሩና በክረምት ምን እንደምትተኩ ከችግኝ ጣቢያው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኮሶና ዝግባ በአንድ ወር አይደርሱም።